የላቦራቶሪው ፓምፕ ሲጮኽ

ሞጣ ውስጥ በገበያ ቀን ወፍጮ ቤት ደርሶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሳይታዘብ አይቀርም። ፈጪው ከደጅ ቆሞ ከባለ ጤፏ ጋር ሒሳብ ሲተሳሰብ ሳለ፥ ፊቱን ወደ መኪናው ሳያዞር በድንገት ወሬውን አቋርጦ ወደ ውስጥ ይሮጣል። ከላይ የሚወርደው እህል አልቆ ድንጋዩ ባዶውን መዞር ጀምሯል፤ ወይም ቺንጊያው ላልቷል፤ ወይም ኩሽኔታው ግሪስ ጠምቶታል። ይህን ሁሉ ያወቀው በጆሮው ነው። ድምፁ ሲለወጥ ሰምቶ ዝም ያለ ፈጪ ድንጋዩን ያስበላል፤ የሰውንም ዱቄት ያበላሻል።

ውድ አንባቢያን፥ በዚህ ሳምንት የምንነጋገርበት መኪና ከወፍጮ እጅግ የራቀ ይመስላል። ስሙም ረዥም ነው፤ የፈሳሽ ክሮማቶግራፊ መኪና ይባላል። ባለሙያዎቹ አሳጥረው «ኤች ፒ ኤል ሲ» ይሉታል። ከእናንተ መካከል ከሞጣም ሆነ ከብቸና ተነሥቶ በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሚማር፥ ወይም ትምህርቱን ጨርሶ በመንግሥት ላቦራቶሪ በረዳትነት የተቀጠረ ሰው አንድ ቀን ከዚህ መኪና ፊት መቆሙ የማይቀር ነው። መኪናው ውድ ነው፤ መለዋወጫውም ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ስለዚህ አለቃ የሆነ ሁሉ «እንዳትነካው!» ማለት ይወዳል። እኔ ደግሞ ባትነኩትም እንኳ ስሙት እላለሁ።

በመጀመሪያ ይህ መኪና ምን እንደሚሠራ በአጭሩ እንናገር። ከዚህ በታች የምናወሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1903 ሚካኢል ጽቬት የተባለ ሩስያዊ የዕፀዋት ሊቅ በዋርሶ ከተማ አንድ አዲስ ብልሃት ለሊቃውንት አስረዳ። በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ የተፈጨ ጠመኔ ጠቅጥቆ፥ ከላይ የቅጠል ጭማቂ ሲያፈስበት፥ አንድ የሚመስለው አረንጓዴ ቀለም እየወረደ ሳለ ተለያይቶ አረንጓዴና ቢጫ ቀለበት ሠራ። ለዚህም ብልሃት «በቀለም መጻፍ» የሚል ትርጕም ያለው የግሪክ ስም አወጣለት፤ ክሮማቶግራፊ ማለት ይኸው ነው። የሚያስገርመው ጽቬት የሚለው የአባቱ ስም ራሱ በሩስያ ቋንቋ ቀለም ማለት መሆኑ ነው። በእኛ አገር ተወልዶ ቢሆን የቀለም ሰው መባሉ አይቀርለትም ነበር።

ነገሩ ለብዙ ዓመታት ብዙም አልተራመደም። በ1941 ማርቲንና ሲንጅ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ብልሃቱን አሻሻሉት፤ በ1952ም የኖቤል ሽልማት አገኙበት። በ1960ዎቹ ዓመታት ደግሞ የሀንጋሪ ተወላጁ ቻባ ሆርቫትና መሰሎቹ ፈሳሹ በራሱ ክብደት እስኪወርድ መጠበቁ ሰልችቷቸው በፓምፕ ይገፉት ጀመር። ዛሬ በየላቦራቶሪው የሚታየው መኪና የዚያ ልጅ ነው። በጠመኔው ፈንታ ከጠጕር ውፍረት ዐሥር እጅ የሚያንስ ደቃቅ ዱቄት አንድ ስንዝር በሚያህል የብረት ቱቦ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ይህ ቱቦ ኮለን ይባላል። በእንዲህ ያለ ጥቅጥቅ ዱቄት ውስጥ ፈሳሽ ለማሳለፍ ብርቱ ግፊት ያስፈልጋል። የአውቶሞቢል ጎማ የሚነፋው በ2 ባር ተኩል ገደማ ነው፤ የዚህ መኪና ፓምፕ ግን በ200፥ አንዳንዴም በ400 ባር ይገፋል።

አሁን ወደ ፓምፑ ውስጥ እንመልከት፤ ድምፁ የሚወጣው በአብዛኛው ከዚያ ነውና። ሞተሩ አንድ ካም ያዞራል፤ ካሙ በፋብሪካ ከተሠራ ሰንፔር የተቀረጸ ቀጭን ፒስተን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል። ፒስተኑን የሚከብበው ጎሚኒ ፈሳሹ ወደ ኋላ እንዳያፈተልክ ይይዛል። በመግቢያውና በመውጫው ላይ ደግሞ ቼክ ቫልቭ አለ፤ ውስጡ ሩቢ ከተባለው ቀይ ዕንቍ የተሠራች የምስር ፍሬ የምታህል ኳስ ተቀምጣለች፤ ፈሳሹ ሲገባ ትነሣለች፥ ሊመለስ ሲል ቁጭ ብላ ትዘጋለች። ዕንቍ ተብሎ ለጌጥ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ፤ በዚያ ግፊት ላይ ሳይፋቅ የሚቈይ ጠንካራ ነገር ስለ ሆነ ነው።

እንግዲህ «ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ከሞጣ ወደ ብቸና የሚወስደውን መንገድ ያየ ሰው ዋልካውን መሬት ያውቀዋል። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲጎድል፥ ሌላ እህል እንቢ ባለበት ጭቃ ላይ ጓያ ይዘራል። ጓያ ጭቃውንም ድርቁንም ይችላል፤ ዝናብ በቀረበት ዓመት ሁሉ ሲከዳ እርሱ አይከዳም። ዳሩ ግን በፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። መጠኑ ከመቶ እጅ አንዱን አይሞላም፤ ሆኖም በችጋር ጊዜ ሌላ እህል ጠፍቶ ሰው ለወራት ጓያ ብቻ ሲበላ ጉልበት ይከዳል፥ እግር ይሽመደመዳል፤ አንዴ ከያዘም አይመለስም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1990 ባወጡት ጥናት ይህ በሽታ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር እንዴት እንደ ተስፋፋ አሳይተዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በወሎ ደላንታ ብዙ ሰው ለከፈ።

ስለዚህ የግብርና ተመራማሪዎች መርዙ ያነሰበትን የጓያ ዝርያ ለማግኘት ብዙ ደክመዋል። የዚህ ድካም ፍሬ የሆነ ዋሴ የሚባል ዝርያም ተገኝቷል። ነገር ግን የትኛው ዝርያ መርዙ እንዳነሰ በምን ይታወቃል? በመልክ አይለይም፤ በጣዕምም አይለይም። ቀድሞ በቀለም ለውጥ ይለካ ነበር፤ ያ መለኪያ ግን ኦዳፕ ያሉትን ሁለት መልኮች፥ አልፋና ቤታ የሚባሉትን፥ ለይቶ አያውቅም፤ ጉዳቱን የሚያደርሰው ደግሞ በተለይ ቤታው ነው። ሁለቱን ለያይቶ የሚቈጥር የፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ነው። እንደዚሁም በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መድኃኒቶችን በቤተ ሙከራው ሲመረምር፥ እንክብሉ የተጻፈበትን ያህል መድኃኒት መያዙን የሚለካው በአብዛኛው በዚህ ዓይነት መኪና ነው።

አሁን ፓምፑ ቢያጕረመርም ምን እንደሚጐዳ አብረን ሒሳቡን እንሥራ። በአንድ እንክብል ላይ 500 ሚሊግራም ተብሎ ተጽፏል እንበል። ለብዙ እንክብሎች የተደነገገው ወሰን ከተጻፈው ከመቶ 90 እስከ 110 ነው። ይህኛው ግን በእውነቱ የያዘው 425 ሚሊግራም፥ ማለት ከመቶ 85 ብቻ ነው፤ መውደቅ አለበት። ረዳቱ ጧት መጠኑ የታወቀውን ማነጻጸሪያ መድኃኒት አሳለፈ፤ መኪናው ደኅና ነበር። ከቀትር በኋላ የአየር አረፋ ፓምፑ ውስጥ ገባና ፍሰቱ ከመቶ 10 እጅ ቀነሰ። ፈሳሹ ሲዘገይ መድኃኒቱ በመመልከቻው መስኮት ፊት ብዙ ጊዜ ይቈያል፤ መኪናውም የቈየውን እንደ በዛ አድርጎ ይቈጥረዋል። 85ን ለ0.9 አካፍሉት፤ 94.4 ይመጣል። እንክብሉ አለፈ! ወረቀቱ ታተመ፤ ማኅተም ተመታበት። በሽተኛው የሚውጠው ግን ያው 425 ነው።

በጓያው በኩል ስሕተቱ ወደ ሌላ ወገን ያደላል። መርዙ ያነሰበት ደኅና ዝርያ መርዙ የበዛ መስሎ ይታይና፥ ለዓመታት የተደከመበት ዘር ከማሳው ይጣላል።

አስተውሉ፤ በዚያ ከሰዓት በኋላ ፓምፑ ዝም አላለም። ጠቅ... ጠቅ... እያለ ሲናገር ውሏል፤ ረዳቱም ሰምቶታል። ታዲያ ለምን አልተናገረም? ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ አዲስ ሠራተኛ መሆኑን አትርሱ። «አንተ ስትነካው ነው የተበላሸው» መባልን ይፈራል። የመኪናው ዋጋ የእርሱ የዓመታት ደመወዝ ነው። አለቃውም ከሌላ ቢሮ ለሚመጣው ውጤት ተቻኩሏል። ይህን ፍርሃት አልንቀውም፤ ግን መድኃኒት አለው፤ ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ድምፅ ለመለየት አስቀድሞ የደኅናውን ድምፅ ማወቅ ያሻል። የዜማ መምህር ተማሪው ቃናውን ሲስት ከደጅ ሆኖ የሚያውቀው ትክክለኛውን ዜማ ቀድሞ ስላደመጠ ነው። መኪናው ደኅና በሆነበት ቀን አምስት ደቂቃ ያህል ወሬ ሳታወሩ አጠገቡ ቁሙ። ማራገቢያው ሳያቋርጥ እፍ ይላል። ፓምፑ በዝግታ ይመላለሳል፤ ለምሳሌ ያህል በአንድ ምት 100 ማይክሮ ሊትር፥ ሁለት ጠብታ ማለት ነው፥ የሚገፋ ፒስተን በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ለማሳለፍ 10 ጊዜ ይመታል፤ በየ6 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ ነው። ናሙና በሚገባበት ጊዜ ደግሞ ማስገቢያው ቫልቭ አንዴ ጠቅ ብሎ ይዞራል፤ ይህ ጤና ነው። አየር መምጠጫው መኪናው እንደ ተነሣ እንደ ንብ ያጕረመርማል፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ግን ድምፁ ይለሰልሳል። እስከ ማታ ካጕረመረመ በአንድ በኩል አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

እንግዳ ድምፅ ስትሰሙ ከየት እንደሚመጣ የምታውቁበት አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ ቁልፍም ካቻቢቴም አያስፈልገውም። ፍሰቱን ከ1 ሚሊ ሊትር ወደ ግማሽ ዝቅ አድርጉት፤ ሰዓታችሁንም ተመልከቱ። ቀድሞ በየ6 ሴኮንዱ ይሰማ የነበረው በየ12 ሴኮንዱ ከሆነ ድምፁ የፒስተኑን እርምጃ እየተከተለ ነው፤ ጥፋቱ ፓምፑ ውስጥ ነው። ፍሰቱ ሲቀንስ ድምፁ ቅንጣት ካልተለወጠ ከማራገቢያው፥ ከአየር መምጠጫው ወይም ከኮለኑ ማሞቂያ ነው። ፓምፑን ጭራሽ ብታቆሙትና ድምፁ ቢቀጥል ደግሞ ፓምፑ ነጻ ወጣ። ከዚያ ወዲያ የጋራዥ መካኒኮችን ዘዴ ልትበደሩ ትችላላችሁ፤ የረዥም ካቻቢቴ ጫፍ በመኪናው ውጭ ልባስ ላይ አስደግፎ እጄታውን ጆሮ አጠገብ ማድረግ። ብረቱ ድምፁን ይዞላችሁ ይመጣል። የሚዞር አካልና የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት ግን በፍጹም አይደረግም።

አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ጥፋት አረፋ ነው። ምቱ እኩል መሆኑ ይቀርና አንዱ ጠንከር አንዱ ላላ ይላል፤ የግፊት መቍጠሪያውም ከፍ ዝቅ ይላል። አየር ይታመቃል እንጂ አይገፋም፤ ስለዚህ ፒስተኑ ይመታል፥ ፈሳሹ ግን አይሄድም። በዚህ ነገር የእኛ አገር ሰው ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ አለበት፤ ምክንያቱንም ልንገራችሁ።

ፓምፕ ፈሳሽ ይስባል እንላለን። በእውነቱ ግን ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲል ባዶ ቦታ ይከፍታል፤ ፈሳሹን ከጠርሙሱ ገፍቶ ወደዚያ ባዶ ቦታ የሚያስገባው የላዩ አየር ክብደት ነው። ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። የሞጣ እናቶች ባቄላው ቶሎ አልበስል ሲላቸው የሚያማርሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ውኃው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አዲስ አበባም ከዚህ ብዙ አትለይም፤ ባሕር ዳር በ1,800 ሜትሯ ትንሽ ትሻላለች። እንግዲህ የሚገፋው አየር ሲያንስ፥ በቀላሉ የሚተንን ፈሳሽ በፓምፑ አፍ ላይ እንደ መፍላት ይልና አረፋ ይሆናል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው መጽሐፍ ይህን አይነግራችሁም፤ የተጻፈው ቆላ ላሉ ሰዎች ነው።

ስለዚህ በደጋ የሚሠራ ሰው የፈሳሹን ጠርሙስ ከፓምፑ ጎን ሳይሆን ከፓምፑ በላይ ከፍ አድርጎ ያስቀምጥ። ሁለተኛ፥ በጠርሙሱ ውስጥ በቱቦው ጫፍ ያለውን ፊልትሮ ይጠርጥር። የሚፈተንበትም መንገድ ቀላል ነው፤ ፓምፑ ቆሞ ግፊቱ ዜሮ ከሆነ በኋላ ቱቦውን ከፓምፑ መግቢያ ፈትታችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት። ፈሳሹ በራሱ ሳያቋርጥ ከፈሰሰ ፊልትሮው ደኅና ነው፤ ጠብ ጠብ እያለ ከዘገየ ተደፍኗል። ብዙ ሰው ፓምፑን ፈታትቶ ከጨረሰ በኋላ ጥፋቱ ይህች የጣት ጫፍ የምታህል ፊልትሮ ሆና ያገኛታል። ሦስተኛ፥ ውኃና ሜታኖል የምትቀላቅሉ ከሆነ ቅይጡ ሁለቱ ለየብቻ የያዙትን አየር ያህል መያዝ ስለማይችል ትርፉን አረፋ አድርጎ ይተፋዋል፤ ተቀላቅሎ አየሩ ሳይወጣለት ወደ መኪናው አይግባ።

አረፋው ገብቶ ከሆነስ? የማስወጫውን ቫልቭ ከፍታችሁ፥ ፈሳሹ ወደ ኮለኑ እንዳይሄድ አድርጋችሁ፥ በስሪንጋ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ከዚያም በደቂቃ 3 ወይም 4 ሚሊ ሊትር እያደረጋችሁ ጥቂት ደቂቃ አፍስሱ። አረፋው ወጥቶ ጠቅታው ካልተወ ኳሷ ተጣብቃለች ማለት ነው። አሴቶናይትሪል ብቻውን ለብዙ ጊዜ ሲያልፍ ቫልቯን የማጣበቅ ጠባይ አለው። ቫልቩ ወጥቶ በአልኮል ውስጥ ሆኖ በአልትራሳውንድ ማጠቢያ ሲታጠብ ብዙ ጊዜ ይድናል። ሲመለስ ግን የፍላጻውን ምልክት ተመልከቱ፤ ተገልብጦ የገባ ቫልቭ መኪናውን ድምፅም ሥራም ያሳጣዋል።

ሁለተኛው ድምፅ ሲጥታ ነው፤ የደረቀ በር ማጠፊያ ሲከፈት እንደሚለው ያለ። ይህ የጎሚኒው ጩኸት ነው። በላቦራቶሪ የምንጠቀምባቸው ፈሳሾች ብዙውን ጊዜ ፎስፌት የመሰለ ጨው አለባቸው። በፒስተኑ ላይ የሚቀረው ስስ እርጥበት ከጎሚኒው ኋላ ይደርቅና ጨው ይሆናል፤ ጨው ደግሞ እንደ አሸዋ ነው፤ ፒስተኑ በተመላለሰ ቍጥር ጎሚኒውን ይሞርደዋል። ከፓምፑ ራስ በታች ነጭ ዱቄት ካያችሁ ጆሯችሁን ዓይናችሁ መሰከረለት። ጎሚኒው ገና ካልተበላ፥ ከመቶ 10 እጅ አይሶፕሮፓኖል የተቀላቀለበት ውኃ ከጎሚኒው ኋላ ባለው ማጠቢያ ቀዳዳ ሲገባለት ድምፁ ይጠፋል። ከተበላ ግን ይለወጥ፤ ጎሚኒ ርካሽ ነው፥ የተጫረ ፒስተን ግን ውድ ነው። ከጨዋማው ፈሳሽ ወደ ንጹሕ አሴቶናይትሪል በቀጥታ መዝለልም የጨው ድንጋይ በመኪናው ሆድ ውስጥ መጋገር ነው፤ በመካከሉ በውኃ መታጠብ አለበት።

እዚህ ላይ መብራት የሚጠፋበትን ነገር ሳላነሣ ብቀር አንባቢ ይታዘበኛል። በሥራ መካከል መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ጨዋማውን ፈሳሽ እንደ ያዘ ይቆማል፤ ጨውም መድረቅ ይጀምራል። «እስኪመጣ ሻይ ልጠጣ» ብሎ የወጣ ረዳት ሲመለስ የሚሰማው ሲጥታውን ነው። መብራቱ ቶሎ የማይመለስ ከመሰለ በስሪንጋ ውኃ ይዛችሁ ከጎሚኒው ኋላ በእጃችሁ እጠቡት፤ ለዚህ ኤሌክትሪክ አያስፈልግም። መብራቱ ሲመለስም ወዲያው ወደ ቀድሞው ፍሰት አትመልሱት፤ በደቂቃ በ0.2 ሚሊ ሊትር ጀምራችሁ ጥቂት ሜታኖል ባለበት ውኃ ጨውን አስወጡ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉ።

ሦስተኛው የሚያፋጭ፥ ግርር የሚል ድምፅ ነው። ፍሰቱ ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ካሙ አልቋል። ይህ የረዳት ሥራ አይደለም፤ መኪናውን አጥፍታችሁ መሐንዲሱን ጥሩ። ወፍጮ ቤት ያደገ ሰው እዚህ ላይ ዘይት ጠብ ለማድረግ እጁ ይበላዋል። አደራ! አንዲት ጠብታ ዘይት ወደ ፈሳሹ መንገድ ከገባች ለሳምንታት ከየናሙናው ጋር አብራ ስትታይ ትኖራለች። ናሙና አንሺው ክንድ ቀጭ ብሎ ሲያንቋቋ ከተሰማ ደግሞ መርፌው ተጣሞ ወይም ጠርሙሷ ጋደል ብላ ተቀምጣ መርፌው ክዳኑን እየወጋ ነው፤ ሳትዘገዩ አቁሙት።

ፍሳሽ ግን ድምፅ የለውም። በደቂቃ አንድ ሚሊ ሊትር የሚሄድ ፈሳሽ ቢያፈተልክ ማንም አይሰማውም፤ በየመገጣጠሚያው ደረቅ ሶፍት እያስነካችሁ ፈልጉት። መነጽርና ጓንት አድርጉ፤ አሴቶናይትሪል መርዝ ነው። ግፊት ያለበትን ዳዶም አትፍቱ።

መጻሕፍቱን የምታነቡ ተማሪዎች እንግሊዞች በመመልከቻው ወረቀት ላይ የሚታየውን የመስመር መንቀጥቀጥም በዚያው በድምፅ ስም እንደሚጠሩት ታውቃላችሁ። ያ በጆሮ አይሰማም፤ በዓይን የሚታይ ነው፤ አንዳንዴም ጥፋቱ የመብራቷ እርጅና ነው። ነገር ግን የመስመሩን ማዕበል ቍጠሩት፤ በየ6 ሴኮንዱ አንድ ማዕበል ከታየና ጆሯችሁም በየ6 ሴኮንዱ ጠቅታ ከሰማ፥ ሁለቱ ያንኑ አረፋ እየነገሯችሁ ነው።

ስለ ፍርሃቱ መድኃኒት ልነግራችሁ ቃል ገብቼ ነበር። እርሱም የመኪናው መዝገብ ነው። ወደ አለቃ ሄዶ «መኪናው ይጮኻል» የሚል ረዳት ጣጣ ይዞ የመጣ ይመስላል፤ ሰዓቱን፥ ግፊቱንና ያደረገውን ፈተና ጽፎ የሚያቀርብ ረዳት ግን ሥራ ይዞ መጥቷል። አለቃውም በቃል የተነገረውን ሊረሳው ይችላል፤ በመዝገብ ላይ የሰፈረውን ለመርሳት ይቸግረዋል። ሲጻፍም «ድምፅ አለ» ብሎ መተው አይበቃም። እንዲህ ይሁን፤

«ማክሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል። ፍሰት 1 ሚሊ ሊትር። ግፊት ከ170 እስከ 205 ባር ይዋልላል፤ ጧት 198 ነበር። በየ6 ሴኮንዱ ጠቅታ ይሰማል፤ ፍሰቱ ግማሽ ሲሆን በየ12 ሴኮንዱ ሆነ። የመግቢያው ፊልትሮ ተደፍኖ ተገኘ፤ በሌላ ተለወጠ፤ አየሩ ወጣ። 10 ሰዓት ላይ ግፊቱ 198 ላይ ቆመ፤ ጠቅታው የለም። ማነጻጸሪያው እንደገና አልፏል፤ ከጧቱ ጋር ይስማማል። ከቀኑ 7 ሰዓት ወዲህ የተመረመሩት 11 ናሙናዎች ይደገሙ።»